ማኅተሙ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ14 ቅሬዎች (እኛ ወሎ እድርን ቅሬ እንለዋለን) ጥምረት ፀሐፊ ነኝ። ስድስቱ የደሴ ናቸው፤ የቀሩት የኮምቦልቻ፣ የሐርቡ፣ የባቲ፣ የኩታበርና የሐይቅ። ወላጅ ያጡ ልጆችንና ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን በጋራ እንረዳለን። ግን ሥራው ሁሉ ደሴ ላይ ተከምሯል። የሌላው አካባቢ ተወካዮች በየወሩ መጥተው ይቀመጣሉ፣ «እናንተ እንዳላችሁ» ብለው ይሄዳሉ። አምና ሆቴል ተከራይተን ለሦስት ቀን የአመራር ስልጠና ሰጠን። ሰርተፍኬታቸውን ይዘው ሄዱ፤ ለውጥ ግን የለም። በየአካባቢው መሪ የሚወጣው እንዴት ነው?
ደክሞኛል፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ማኅተሙ ማን ጋ ነው?

እኔ የሰፈራችን የሴቶች ማኅበር ፀሐፊ ሳለሁ ማኅተሙ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ! ገበያ ስሄድ ከሽንኩርቱ ጋር ይሄዳል፣ ለቅሶ ስደርስ አብሮኝ ይደርሳል። «እኔ ካልያዝኩት ማን ይይዘዋል?» እል ነበር። አንድ ክረምት ታምሜ ተኛሁ። ያለ ማኅተም ገንዘብ አይወጣም፤ የልጆቹ ደብተር ሳይገዛ መስከረም አለፈ። ሴቶቹ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ ይመጡ ነበር። ማኅተሙን አምጪ ያለኝ የለም፤ እኔም እንኩ አላልኩም። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ስልጠናውን ለጊዜው ተዪው። የቅሬ ዳኛ እኮ መምራት ያውቃል። ሌሊት ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክል፣ መቃብር የሚያስቆፍር፣ የቀረውን የሚቀጣ ሰው ነው። እስላሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ቅሬ ይዞ ያድራል። እናንተ ጋ ሲደርስ ዝም የሚለው የሚወስነው ነገር ስለሌለ ነው።

ደግሞ መንገዱን አስቢ። የባቲው ሰው እናንተ ጋ የሚደርሰው ኮምቦልቻን አልፎ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ነው። ስብሰባችሁ ሰኞ ከሆነማ አትጠብቁት፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ታች ያሉት፣ ማለትም ኮምቦልቻ፣ ሐርቡና ባቲ፣ ኮምቦልቻ ላይ ይሰብሰቡ። ከጥምረቱ ገንዘብ ድርሻቸው በራሳቸው ሦስት ፈራሚዎች ይውጣ። የሚረዱትን ልጆች እነሱ ይምረጡ። ሐይቅና ኩታበርም እንደዚያው። አንቺ በየሦስት ወሩ ሂጂ፤ ግን ጥግ ያዢ። ቡናው በረካ ላይ እስኪደርስ አትናገሪ።

መጀመሪያ ላይ ይሳሳታሉ። ደረሰኝ ይጠፋል። የአንዱ ዳኛ የእህት ልጅ ዝርዝሩ ውስጥ ትገኛለች። ያኔ ገንዘቡን ወደ ደሴ መልሳችሁ ከወሰዳችሁ አበቃ። ይልቅ ዝርዝሩ በየቅሬው ስብሰባ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የሰፈሩ ሰው የማን ልጅ እንደሆነች ከአንቺ በላይ ያውቃል፣ አፍም አለው።

ለኃላፊነት ሰው ሲፈለግ ንግግር የሚያምርለት ቶሎ ዓይን ይገባል። አንቺ ግን ለቅሶው ሲበተን ድስቱንና ወንበሩን ቆጥሮ የሚያስገባውን እዪ። ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ መዝገቡ ላይ ያለው ግን የባሏ ስም ነው። እሷን ፈራሚ አድርጓት።

«ቅሬዎቹን የጥምረቱ ቅርንጫፍ እናድርጋቸው» የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ አትበሉ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንኳ እድርና እቁብን አይመለከትም፤ ቅሬ የሚተዳደረው በራሱ ደንብ ነው።

ማኅተሙን ከዳንኩ በኋላ ለጎረቤቴ ሰጠኋት። በሁለት ወሯ መዝገቡን በሙሉ ቀይራው አገኘሁ። ከእኔው በጣም ይሻላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ከፋኝ።