ማዳመጫ ነው ወይስ መነጋገሪያ?

ጥያቄ፦ ስልክ ሳወራ ራሴ ላይ የማጠልቀውን ዕቃ «የጆሮ ማዳመጫ» ስል ባልደረባዬ «ሄድሴት በል» ብሎ አረመኝ። ልዩነት አላቸው? አማርኛስ ለዚህ የራሱ ቃል የለውም?

መልስ፦ ልዩነት አላቸው። አማርኛም ልዩነቱን የሚለይበት ግስ አለው።

«ማዳመጫ» ከ«አዳመጠ» የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። ከ«ቆረጠ» «መቁረጫ»፣ ከ«ከፈተ» «መክፈቻ» እንደምንለው ነው። የመሣሪያው «-ያ» መጨረሻ ላይ ሲመጣ «ጠ» «ጫ»፣ «ተ» ደግሞ «ቻ» ይሆናል። ይህን ሥርዓት ማንም ሳያስተምረን ከልጅነት ጀምሮ እንሠራበታለን፤ ሁሌም ይደንቀኛል።

ማዳመጥ ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው። ድምፅ ይመጣል፣ እንሰማለን፣ አለቀ። የሄድፎን ሥራም ይኸው ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ተራ ኢርፎንም እንደዚያው። ሁለቱን «የጆሮ ማዳመጫ» ብንላቸው ልክ ነን።

ሄድሴት ማይክራፎን አለው። ይሰሙበታል፣ ይናገሩበታልም። እዚህ ላይ «ተናገረ»ንና «ተነጋገረ»ን ያስተያዩ። አንድ ፊደል ተደገመና ሥራው የሁለት ወገን ሆነ። ከዚህ ግስ የሚወጣው የመሣሪያ ስም «መነጋገሪያ» ነው። ስለዚህ በጽሑፍ «የራስ ላይ መነጋገሪያ» ማለትን እመርጣለሁ። በወሬ መሐል «ሄድሴት» ቢሉ ግን ምንም አይደለም፤ ቃሉ ለምዷል። የመስመር ስልኩ ቀፎም እኮ መስሚያውንና መናገሪያውን አንድ ላይ የያዘ ነው። ሄድሴት ያንኑ ሥራ እጅ ሳያስይዝ ይሠራል።

ገመድ ያለው ከሆነ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ባለ 3.5 ሚሊ ሜትሩ መሰኪያ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ቀለበቶች ይቁጠሩ። 2 ከሆኑ ብረቱ በ3 ተከፍሏል፦ ለግራ ጆሮ፣ ለቀኝ ጆሮና ለጋራ መስመር። ለማይክራፎን ቦታ የለም። 3 ከሆኑ ግን አራተኛ ክፍል ተጨምሯል፤ እሱ የማይክራፎኑ ነው።

ብሉቱዝ ላይ ደግሞ በጆሮ ይለያል። ዘፈን ሲሰሙ ጥርት ያለው ድምፅ፣ ስልክ ሲያነሱ ድንገት ታፍኖ ያውቃል? ብዙ ጊዜ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም። ከማዳመጥ ወደ መነጋገር ሲሻገር ሌላ የአሠራር ስልት ይይዛል። ድምፅ በሁለቱም አቅጣጫ መሄድ ስላለበት ጥራቱ ይቀንሳል።

አንድ ልጨምር። ማሸጊያው ላይ «ጫጫታ ይቀንሳል» የሚል ካዩ «ለማን?» ብለው ይጠይቁ። አንዱ ዓይነት እርስዎ ጆሮ የሚገባውን ጫጫታ ይቀንሳል። ሌላው ማይክራፎኑ ላይ ነው፤ የሚጠቅመው ከወዲያ ማዶ የሚሰማዎትን ሰው ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ገዝቶ «እኔ እኮ አሁንም ጫጫታ እሰማለሁ» ይላል።