ካውያም ቅርስ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው፣ ስዕል እሞካክራለሁ። ጥቁር አሜሪካውያን አርቲስቶች ካውያ ምናምን በፕሪንት እየሰሩ ቅርሳችን ነው ይላሉ አሉ። እውነት ነው? እኔስ የአያቴን ዕቃ ብሰራ ሰው አይስቅብኝም?

መልስ፦ ይሳቅ እህቴ፣ ምን አገባሽ! ግን ዕቃውን የሚሰሩት ስላማረ እንዳይመስልሽ (ካውያ ደሞ ምኑ ያምራል)፣ በዕቃው ማን ሲለፋበት እንደኖረ ለማሳየት ነው። ዊሊ ኮል የሚባል የኒዋርክ፣ አሜሪካ፣ አርቲስት አለ፣ አያቶቹ ሰው ቤት ተቀጥረው የሰሩ ናቸው፣ ካውያቸው ሲበላሽ የሚጠግነውም እሱ ነበር። እና እ.ኤ.አ. በ1997 «ስቶዌጅ» (ጭነት መደርደር እንደማለት) የሚል ትልቅ ህትመት ሰራ፣ እውነተኛ የብረት መተኮሻ ጠረጴዛ እንጨት ውስጥ ቀብሮ፣ ዙሪያውን የካውያ ፊት ደርድሮ፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ አተመው። ስታዪው ጠረጴዛው መርከብ ሆኖ ቁጭ! ያውም ብሩክስ የምትባለው የእንግሊዞች የባሪያ መርከብ፣ በ1788 ሰው እንደ ጆንያ ተደርድሮባት የሚያሳየው ፕላን የታተመላት። ካውያዎቹ ደሞ በእንፋሎት ቀዳዳቸው የአፍሪካ ጭምብል ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሚኒያፖሊስ ላይ ደግሞ የተጨፈለቁ መተኮሻ ጠረጴዛዎችን አቁሞ አተመና «ሳቫና»፣ «ዶት» እያለ የድሮ ሴቶች ስም አወጣላቸው፣ ጭረቱና እጥፋቱ ሁሉ አልቀረም፣ ለኔ ከመጀመሪያውም ይበልጥብኛል።

ሌላዋ ጥቁር አሜሪካዊት አርቲስት ቤቲ ሳር እ.ኤ.አ. በ1969 አሮጌ የመስኮት ፍሬም ውስጥ ህትመቶቿን አስገብታ ሰርታለች፣ እሷንም ፈልገሽ እዪ።

ላንቺ የሚቀርቡት ግን አላባማ ያለችው የጊስ ቤንድ መንደር ጥቁር ሴቶች ናቸው። ከአሮጌ ልብስ ብርድ ልብስ እየቀጣጠሉ የሚሰፉ ናቸው፣ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ሄደው ትንንሽ ቅጥልጥል ሰፍተው ለስላሳ ሰም የተቀባ መዳብ ላይ አስጫኑት፣ ከመዳቡ ሲታተም ስፌቱ ክር በክር ወረቀቱ ላይ ወጣ።

እና አደራ፣ ጀበናና መሶብ ይብቃን፣ የሆቴል ግድግዳ ሁሉ እሱ ነው። የመንዝ ባና፣ ያ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እያለልሽ! ሴቶቹ ሱፉን ሲፈትሉ ወንዶቹ ሲሸምኑ የኖሩበት፣ ያ ሁሉ ብርድ ያለፈበት ነገር ነው። ብጫቂውን ጣውላ ላይ ለጥፊ፣ ጸጉሩ ቀለም እንዳይጠጣብሽ በውሃ የቀጠነ ኮላ ቀቢውና በደንብ ይድረቅ፣ ከዛ የህትመት ቀለም በሮለር ስስ አድርገሽ ስጪው፣ ትንሽ ረጠብ ያለ ስስ ወረቀት አልብሰሽ ጀርባውን በእንጨት ማንኪያ እሺው፣ ማሽን የለኝም ብለሽ እንዳትቀመጪ። ቀለሙ ከበዛ ሽመናው ይደፈንና ጥቁር በጥቁር ነው የሚሆንብሽ። ብጫቂውን ደሞ አያትሽን ሳታስፈቅጂ እንዳትቆርጪ፣ ባና ዛሬ ውድ ነው።