የማናውቃቸው ሰዎች በድረ ገጻችን ላይ ለምን ይመዘገባሉ?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ ጀልባ የምናከራይ ጥቂት ሰዎች ነን። እንግዶቻችንን ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ደብረ ማርያም እናመላልሳለን። ከሩቅ የሚመጡ ጎብኚዎች አስቀድመው ቀን እንዲይዙ በማሰብ ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ትንሽ ድረ ገጽ አሠርተናል፤ ቀን ለመያዝ መጀመሪያ ስምና ኢሜይል አስገብቶ መመዝገብ ያስፈልጋል። አሁን በየቀኑ የማናውቃቸው ሰዎች ይመዘገባሉ፤ ይሁንና ከእነርሱ መካከል ጀልባ የያዘም ሆነ ተመልሶ የገባ የለም። አንዳንዱ በስሙ ቦታ ላይ «ሽልማትዎ ደርሷል፣ ከዚህ ይውሰዱ» የሚል የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ከነሊንኩ ጽፏል። ምን ፈልገው ነው? እንዳንሰርዛቸው እውነተኛ እንግዳ አብሮ እንዳይጠፋብን ሰጋን። ለጥምቀት በዓል ማስታወቂያ እንላክላቸው የሚልም ከመካከላችን አለ።
የጀልባ ባለንብረቶች፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አብዛኞቹ ተመዝጋቢዎቻችሁ ሰዎች አይደሉም። የምዝገባ ገጽ እያሰሱ ቅጹን በራሳቸው የሚሞሉ፣ ቦት የሚባሉ ፕሮግራሞች ናቸው። በዎርድፕሬስ የተሠሩ ድረ ገጾች በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ስለሆኑና የምዝገባ ገጻቸውም በአብዛኛው በተመሳሳይ አድራሻ ስለሚገኝ፣ ቦቱ የድረ ገጻችሁን ስም ካገኘ መግቢያውን ለማግኘት አይቸገርም። ስለዚህ ማንም እናንተን ለይቶ የመጣባችሁ አይምሰላችሁ፤ ነገር ግን ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

የቆየው ምክንያት የጎግል ፍለጋ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ1998 ከተመሠረተ ጀምሮ አንድን ገጽ በፍለጋ ውጤት ወደ ላይ ከሚያወጡት መመዘኛዎች አንዱ ሌሎች ድረ ገጾች ወደ እርሱ የሚያመለክቱ ሊንኮች መሆናቸው ነው። ተመዝጋቢው የራሱን ድረ ገጽ አድራሻ የሚያስገባበት፣ ለሁሉም የሚታይ ቦታ ካለ፣ የቁማርና የሐሰተኛ መድኃኒት ነጋዴዎች ሊንካቸውን ይሰቅሉበታል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2005 እንዲህ ያሉ ሊንኮች እንዳይቆጠሩ የሚያደርግ ምልክት አስተዋውቋል፤ ሆኖም ምዝገባው ለቦቱ ባለቤት ከሞላ ጎደል ወጪ ስለሌለው ልማዱ አልቀረም።

የእናንተ ግን ከዚህ የከፋ ይመስለኛል፤ በስም ቦታ የገባው ዐረፍተ ነገር ዋናው ማስረጃ ነው። ቦቱ ያስገባው ኢሜይል የራሱ ሳይሆን፣ ከአንድ ቦታ የተሰረቀ የሌላ ሰው አድራሻ ነው። ምዝገባው እንዳለቀ ድረ ገጻችሁ በዚያ አድራሻ «ውድ እገሌ፣ ስለተመዘገቡ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ይልካል። በ«እገሌ» ቦታ የሽልማቱ ወሬና ሊንኩ ስለተጻፈ፣ ማጭበርበሪያው በእናንተ ስምና በእናንተ ሰርቨር አማካይነት ሰውየው ዘንድ ይደርሳል። አጭበርባሪው ከራሱ አድራሻ ቢልከው ወዲያው ይታገድበት ነበር፤ የእናንተ ንጹሕ ስም ግን ያሳልፍለታል።

ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። ተቀባዮቹ መልእክቱን እንደ አይፈለጌ ሲያመለክቱት፣ ከአድራሻዎቹም ብዙዎቹ የማይሠሩ ሆነው መልእክቱ ሲመለስ፣ እንደ ጂሜይል ያሉ አገልግሎቶች ከእናንተ የሚመጣውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራሉ። በዚህም ምክንያት፣ ለዘጌ ጉዞ መነሻውን ሰዓትና መሳፈሪያውን የምትነግሩበት እውነተኛ መልእክት የእንግዳው አይፈለጌ ሳጥን ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ እንግዳውም መልስ የነፈጋችሁት መስሎት ሌላ ጀልባ ይይዛል። ከሁሉም በላይ ሊያሳስባችሁ የሚገባው ይህ ነው።

ሌላም ጭካኔ ያለበት ዓላማ አለ። አንድን ሰው ሊዘርፍ የተነሣ ሌባ የዚያን ሰው ኢሜይል በብዙ ትንንሽ ድረ ገጾች ላይ በአንድ ጊዜ ያስመዘግባል፤ ተበዳዩ በ«እንኳን ደህና መጡ» መልእክቶች ሲጥለቀለቅ፣ ከባንኩ የመጣው ማስጠንቀቂያ ከመካከል ይጠፋበታል። አንዳንዶቹ ቦቶች ደግሞ አካውንቱን የሚፈልጉት፣ ያልታደሰ ፕለጊን (በድረ ገጹ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ቢገኝ በእርሱ በኩል ወደ ውስጥ ለመግባት ነው፤ ስለዚህ ድረ ገጹን የሠራላችሁ ባለሙያ ሁሉንም በየጊዜው ያድስላችሁ።

መፍትሔው ጀልባ ለመያዝ ምዝገባ አያስፈልግም ከማለት ይጀምራል። እንግዳው ስሙን፣ ቀኑን፣ የሰው ብዛትና ስልኩን የሚጽፍበት አጭር ቅጽ ይበቃችኋል። በዎርድፕሬስ አጠቃላይ ማስተካከያ ገጽ ላይ ማንኛውም ሰው እንዲመዘገብ የሚፈቅድ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለ፤ ዎርድፕሬስ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ሳጥኑ ምልክት ስለሌለበት፣ ምዝገባውን የከፈተው ድረ ገጹን የሠራላችሁ ባለሙያ ነው፤ አሁን ይዝጋው። ከዚያም አጭሩ ቅጽ በራሱ የሚልከው መልስ ካለ፣ እንግዳው የጻፈውን ስም እንዳይደግም አድርጉ፤ በስም ቦታም ሊንክ ከገባ ቅጹ አይቀበል። ለሰው ዓይን የማይታይ አንድ ባዶ ቦታ በቅጹ ውስጥ ማስቀመጥም ጠቃሚ ነው፤ ሰው ስለማያየው ባዶውን ይተወዋል፣ ቦት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሞላዋል። ሥዕል እያሳየ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚለውን ካፕቻ በመጨረሻ ብታስቡት እመርጣለሁ፤ በደካማ ኔትወርክ ከስልኩ የሚሞላ እንግዳ በእርሱ ተማርሮ ይሄዳል።

የጥምቀቱን ማስታወቂያ በፍጹም እንዳትልኩ። የአድራሻዎቹ ባለቤቶች እናንተን አያውቋችሁም፣ ፈቃዳቸውንም አልሰጡም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ስለሚሠራጭ የማስታወቂያ ኢሜይል የሚደነግግ መሆኑንም አትርሱ።

ለመሰረዝ ደግሞ አትፍሩ። በቅድሚያ ዝርዝሩን ከጉዞ መዝገባችሁና ከስልክ ቁጥሮቻችሁ ጋር አስተያዩ፤ ጀልባ የያዘ ወይም የጻፈላችሁ ሰው ካለ ስሙንና ስልኩን በመዝገቡ አኑሩ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን አካውንቶች በሙሉ ሰርዙ፤ ምናልባት አንድ እውነተኛ እንግዳ አብሮ ቢሰረዝ እንኳ በአጭሩ ቅጽ ቀን ለመያዝ አካውንት አያስፈልገውም።