የመጨረሻ ያየው ማን ነው?

ልጆቼ፣

ሠላሳ አራት ዓመት በወሎ መንገዶች ላይ ቀያሽ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ፣ ከደሴ እስከ ወረኢሉ መሣሪያዬን ተሸክሜ ያልወጣሁት ጋራ ጥቂት ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደሴ ተቀምጫለሁ። የዛሬው ደብዳቤዬ ግን ስለ መንገድ አይደለም። ስለ አንዲት የጦር መርከብ ነው።

ሲድኒ ትባላለች፤ የአውስትራሊያ ናት። ቀኑ ኅዳር 10 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ደሴ ከጣልያን እጅ ከወጣች ሰባት ወር አልሞላም፣ ጎንደር ገና ጦርነት ላይ ነበረች። ሲድኒ በዚያ ቀን አመሻሽ ላይ ከአውስትራሊያ ምዕራባዊ ጠረፍ ርቃ ስትጓዝ አንድ የንግድ መርከብ አየች። ማንነቱን ለማጣራት ተጠጋች። የሆላንድ ነኝ አላት። ውሸቱን ነበር። ኮርሞራን የተባለ፣ መልኩን የቀየረ የጀርመን የጦር መርከብ ነው። በቅርብ ርቀት ተኩስ ከፈተ። ሁለቱም ተመታቱ፣ ሁለቱም ሰጠሙ። ከኮርሞራን ከ300 በላይ ሰው ተረፈ። ከሲድኒ 645 ሰው አንድም አልተረፈም።

የት እንደሰጠመች እንኳ ለ66 ዓመት አልታወቀም። ጄራልድተን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ለእነዚያ ልጆች መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ጉልላቱ ከ645 የብረት ወፎች የተሠራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወፍ። አጠገቡ አንዲት የነሐስ ሴት ቆማለች። ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ትጠብቃለች።

ያቺን ሴት በፎቶ ሳያት እናቴ መሰለችኝ።

ታላቅ ወንድሜ ባሕር ኃይል ነበር። የሐይቅ ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚያውቀው ውኃ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ሐይቅ ብቻ ነው። ምጽዋ በየካቲት 1982 ስትያዝ እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የለም፣ ሰው የለም። እናቴ በማለዳ በር ከተንኳኳ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነውና። ማንም አላንኳኳም። ጎረቤታችን የሆኑት ሙስሊም እናት በየቡናው ዱዓ እያደረጉ «አብሽሪ፣ አላህ ያመጣዋል» ይሏታል። መርዶ ሳልሰማ ተስካር አላወጣም እንዳለች እሷም ሄደች። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ጠይቄ ነበር። መዝገቡ የለም አሉኝ። መርከቦቹስ ቢሆኑ? «ኢትዮጵያ» የተባለችው ዋናዋ መርከባችን በ1983 ወደ የመን ሸሽታ በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ነው የተሸጠችው።

ወደ ሲድኒ ልመልሳችሁ፣ ምክሬ ያለው እዚያ ነው። በመጋቢት 2000 ዓ.ም. ከ2,400 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተገኘች። እንዴት? የጀርመኖቹን ቃል በማመን። የተረፉት የኮርሞራን ሰዎች ቦታውን ያኔውኑ ተናግረው ነበር። ብዙ ሰው ግን ጠላት ነው፣ ይዋሻል ብሎ አልተቀበላቸውም። የኮርሞራን አዛዥ ዴትመርስ ደግሞ እስር ላይ ሳለ በመዝገበ ቃላት ውስጥ፣ በፊደላቱ ሥር በእርሳስ ነጥብ እያደረገ የውጊያውን ታሪክ በምስጢር ጽፎ አስቀርቷል። ፍለጋውን የመራው ዴቪድ ሚርንስ እነዚህን ቃሎች አንድ ላይ አስቀምጦ አመሳከረ። መጀመሪያ ኮርሞራን ተገኘ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሲድኒ።

ይህ የኔ ሙያ ነው። ቀያሽ የማያውቀውን ነጥብ የሚያገኘው ከሚያውቃቸው ነጥቦች ተነስቶ ነው። በጦርነት ለጠፋ ሰው የሚታወቀው ነጥብ መጨረሻ ያየው ሰው ነው። ወዳጅም ይሁን ባላንጣ።

ከውጊያው ሦስት ወር ሳይሞላ በአንዲት የነፍስ አድን ታንኳ ላይ አንድ አስከሬን ወደ ክሪስማስ ደሴት ተንሳፍፎ መጥቶ ነበር። የደሴቱ ሰዎች በክብር ቀበሩት። ስም አልነበረውም። ልክ በ80 ዓመቱ፣ ኅዳር 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ስሙ ይፋ ሆነ፤ ቶማስ ዌልስቢ ክላርክ፣ የኩዊንስላንድ ልጅ። በዘረመል ምርመራ ከዘመዶቹ ጋር አመሳክረው ነው ያገኙት። እኔ ይህን አንብቤ አለቀስኩ። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ያ ልጅ ስሙን ሊመልስለት የሚፈልግ ሰው አላጣም ማለት ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከወንድሜ ጋር ምጽዋ የነበረ ሰው ኮምቦልቻ ይኖር ነበር። በየሳምንቱ መንገድ ላይ አገኘው ነበር። ሰላም እንባባላለን። አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። እውነቱን ለመናገር መልሱን ፈርቼ ነው። ሰውየው ሞተና ለቅሶው ላይ ልጁ «አባቴ ስለዚያ ወሬ ሌሊት ሌሊት ነበር የሚያወራው፣ ማንም አልጻፈውም» አለኝ።

እናንተ አትፍሩ። ቤታችሁ ውስጥ ፎቶው ግድግዳ ላይ ያለ፣ ታሪኩ የማይነሳ አጎት ይኖራል። አያታችሁን ቡና ላይ ጠይቁ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ ጻፉ። የት ዘመተ? ከማን ጋር ሄደ? መጨረሻ የታየው የት ነው፣ ማንስ አየው? ከዚያ ወደዚያ ሰው ሂዱ። በሌላ ወገን የተዋጋ ከሆነም ሂዱ። ሲመልስላችሁ አትከራከሩት፤ ጻፉ ብቻ።

እኔም ደብተር ገዝቼ ጀምሬአለሁ። የወንድሜን ስም እዚህ አላወጣም፤ ከሙታን ጋር እንዳይነሳ እናቴ አደራ ብላኛለች። ደብተሩ ላይ ግን አለ። «መጨረሻ ያየው» ከሚለው ፊት ያለው መስመር ባዶ ነው። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ በዚያ የካቲት ምጽዋ ከነበሩ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። ሞተር ክፍል የሚሠራ፣ ረጅም፣ በግራ እጁ የሚጽፍ፣ በአምባሰል ቅኝት የሚያንጎራጉር የሐይቅ ልጅ ያስታውሳሉ?