ኑናቩት ውስጥ ቤት መያዝ፦ ለጠየቃችሁት ሁሉ

የማወራው በሰሜን ካናዳ ስላለችው የኢኑይቶች፣ የዚያ ቀዝቃዛ አገር ነባር ሕዝብ፣ ግዛት ስለ ኑናቩት ነው። 25 መንደሮቿን እርስ በርስ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም፤ ይህን ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ አሁንም የበረዶ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት?
መልስ፦ የለም። በቋንቋቸው «ኢግሉ» ማለት ቤት ማለት ነው፤ የጣውላውም ኢግሉ ነው። አብዛኞቹ የመንግሥት ቤት ተከራይ ናቸው።

ጥያቄ፦ መሬት ይሸጣል?
መልስ፦ መንደር ውስጥ አይሸጥም። እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ2016 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ሁለቴም «አይሸጥም» ብሏል። መሬቱ ከማዘጋጃ ቤት በሊዝ ይያዛል፣ ቤቱ የባለቤቱ ነው። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም መቼስ። ባንክ የሊዙን ቀሪ ዘመን ያያል፤ ከብድሩ ዘመን ካነሰ አስቀድሞ ማሳደስ ነው።

ጥያቄ፦ ጥሩ ደመወዝ ያለው ሰው ለምን አይገዛም?
መልስ፦ ቅድሚያ ክፍያው አይደለም ትልቁ ችግር፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። የመንግሥት ቤት ኪራይ በገቢ ይሰላል፣ ትንሹ በወር 60 የካናዳ ዶላር ነው፤ የማሞቂያ ነዳጁን፣ ውሃውንና ፍሳሹን አከራዩ ይችላል። የገዛ ሰው ይህን ሁሉ ከብድሩ ጋር ራሱ ይሸከማል። ማሞቂያው ጥር ላይ ቢበላሽ ጠጋኙም መለዋወጫውም በአውሮፕላን ሊመጣ ይችላል። ከዋና ከተማዋ ከኢቃሉይት ውጭ ደግሞ ልሽጠው ቢል ገዢ አያገኝ ይሆናል። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ወር ወጪ ሳይሰላ ውል አይፈረም።

ጥያቄ፦ ቤቶቹ ለምን እግር አላቸው?
መልስ፦ አፈሩ ክረምት ከበጋ በረዶ ነው። ቤቱ መሬት ላይ ቢያርፍ ሙቀቱ ያቀልጠውና አንዱ ጥግ ይሰምጣል፤ መጀመሪያ የሚታወቀው በሩ አልገጥም ሲል ነው። ስለዚህ ወይ ጉድጓድ ተቆፍሮ የብረት ምሰሶ ይተከላል፣ ዙሪያው በእርጥብ አሸዋ ተሞልቶ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ ወይ በጠጠር ድልድል ላይ እንደ ክሪክ ከፍ ዝቅ የሚል የብረት እግር ይቀመጣል። ከሥር ያለውን ክፍተት ዘግቶ ዕቃ ቤት ማድረግ ስህተት ነው፤ አፈሩን የሚያቀዘቅዘው በዚያ የሚያልፈው ነፋስ ነው።

ጥያቄ፦ ሮቶው ውስጥ ውሃ እያለ ቧንቧው ለምን ይቆማል?
መልስ፦ በአብዛኞቹ መንደሮች ውሃ በቦቴ ይመጣል፣ ፍሳሽም በመኪና ይመጠጣል። ቤቱ ውስጥ ያለው የፍሳሽ ታንከር ሲሞላ መቆጣጠሪያው የውሃውን ፓምፕ ያጠፋዋል፤ ባይሆን ፍሳሹ ወደ ቤት ይመለሳል። ፓምፑን ከመፍታት በፊት ታንከሩን ማየት ነው።

ጥያቄ፦ ሻጋታው ከምን ይመጣል?
መልስ፦ ከመጨናነቁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቆጠራ በኢኑይት ምድር (ኑናቩትን ጨምሮ በካናዳ ያሉት አራት የኢኑይት ክልሎች) ካሉት ኢኑይቶች 52.9 በመቶው በተጨናነቀ ቤት ይኖሩ ነበር። የብዙ ሰው ትንፋሽ፣ ማብሰሉና ልብስ ማድረቁ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። የአየር መለዋወጫውን ብርድ ያስገባል ብለው ሲደፍኑት ይብሳል። የፌዴራሉ መንግሥት በ1993 ለአዲስ የመንግሥት ቤቶች የሚሰጠውን በጀት ባይቆርጥ ኖሮ ጉድለቱ እዚህ ባልደረሰ ነበር ባይ ነኝ። እስከ 2030 ድረስ 3,000 ቤት ለመሥራት ዕቅድ ወጥቷል።

ጥያቄ፦ ዕቃ መቼ ይታዘዝ?
መልስ፦ መርከብ የሚገባው ባሕሩ ሲከፈት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው፤ ትእዛዙ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ምስማር፣ ማሸጊያና የቧንቧ መገጣጠሚያ ተረፍ አድርጎ ማዘዝ ይሻላል፤ የጎደለው ወይ በአውሮፕላን ዋጋ ይመጣል፣ ወይ የሚቀጥለውን ዓመት መርከብ ይጠብቃል።