የመሬት ደብተሩን ጉዳይ ባልና ሚስትን ለየብቻ ጠይቂ

እህቴ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር ለገበሬው ምን እንደፈየደ በቡድን ውይይት ልትገመግሚ መሆኑን ጽፈሻል። «ስንት ሰው ልጥራ? እውነቱንስ እንዴት ያወሩኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በዚሁ ሥራ ጎጃም ውስጥ ብዙ ቀበሌ ዞሬያለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

ቁጥሩ ቀላል ነው፤ ከ6 እስከ 10 ሰው ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ስብሰባ ይሆናል።

ከባዱ ማን ከማን ጋር ይቀመጥ የሚለው ነው። መጀመሪያ ላይ ሰው የሚጠራልኝ ቀበሌው ነበር። የመጡት ሞዴል አርሶ አደሮችና የኮሚቴ አባላት ናቸው። የልማት ሠራተኛውም አብሮን ተቀመጠ። ሁሉም ደብተሩን አመሰገነ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተነሣሁ። ማታ ያደርኩበት ቤት እመቤት ግን ሌላ ነገር አጫወተችኝ። ፎቶዋ ደብተሩ ላይ ከባሏ ጎን አለ። መሬቱ ለማን የእኩል፣ ማለትም ምርቱን ለመካፈል፣ እንደሚሰጥ ግን አንድም ቀን ተጠይቃ አታውቅም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ ባለትዳር ሴቶችን፣ ያለ ባል ቤት የሚመሩ እማወራዎችን፣ ወንዶችንና መሬት የሌላቸውን ወጣቶች ለየብቻ አወያያለሁ። እማወራዋ አራሽ ስለሌላት መሬቷን የእኩል ትሰጣለች። ድሮ አራሹ ከቆየ ይነጥቀኛል ብላ ትሰጋ ነበር፤ ደብተሩ ይህን ስጋት አቅልሎላታል። ወጣቶቹ ደግሞ በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ፣ መሬት እንደገና በተከፋፈለ ጊዜ፣ ወይ ሕፃን ነበሩ፣ ወይ አልተወለዱም፤ ስለዚህ መሬት አልደረሳቸውም። ለእናታቸው ዋስትና የሆነው ደብተር ለእነሱ የተዘጋ በር ነው። አንድ ላይ ብታስቀምጫቸው ልጅ በእናቱ ፊት ይህን አይናገርም።

«ደብተሩ ጠቅሟችኋል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ መልሱ «አዎ» ነው። ይልቅ ድንበር ሲገፋ ወዴት እንደሄዱ፣ ደብተሩን ከሣጥን ማን እንዳወጣው ጠይቂ። የትኛውን ደብተር እንደያዙም ለዪ። የመጀመሪያው በገመድ ተለክቶ የተሰጠ ነው፤ ካርታ የለውም። ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ደብተር ግን ካርታ አለው። ሳትለዪ ከቀረሽ የድንበር ክርክሩ ወሬ ሁሉ ይምታታብሻል።

ለእያንዳንዱ ሰው 10 የባቄላ ፍሬ ስጪ። ለድንበር፣ ለውርስ፣ ለኪራይና ለካሳ ደብተሩ በረዳቸው ልክ ያከፋፍሉት። ከፍሬው ቁጥር ይልቅ «ለምን እዚህ አበዛሽ?» ስትያቸው የሚመጣው ወሬ ነው የሚጠቅምሽ። ስለዚህ አንቺ አወያዪ፣ ሌላ ሰው ይጻፍ።

ቀኑን በ12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም አድርጊው፤ ሞፈር አይነሣም፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ታገኚዋለሽ። የገበያ ቀን እንዳይሆን ብቻ።

ቡድኖቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ ደግሞ «አብዛኛው ደግፏል» ብለሽ አታጠቃልዪ። ማን ምን እንዳለ ለየብቻው ጻፊው።