ጣራው ያፈሳል፣ በምን ይደፈን? የጅማ ሰዎች ጥያቄና መልስ

ግንቦት ሲገባ ጅማ ላይ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ማየት ይጀምራል። ስለሚያፈስ ቆርቆሮ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ ጋሼ፣ ሳሎን መሃል ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሲሊኮን ይሻላል ወይስ ሬንጅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ውሃው የት እንደሚገባ እንወቅ። ጠብ የሚልበትና የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ውሃ ሞራሌውን ይዞ ራቅ ብሎ ሄዶ ነው የሚንጠባጠበው። ኮርኒሱን ከፍተህ እርጥቡን እንጨት ተከትለህ ወደ ላይ ሂድ። ዝናብ ከሌለ አንድ ሰው በጎማ ጣራው ላይ ውሃ ያፍስስ፣ ሌላው ውስጥ ሆኖ ይይ። ውሃውን ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አምጡት። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ይረጥብና ምንም ሳታውቁ ትወርዳላችሁ።

ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ሚስማር ነው። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ማታ ይቀዘቅዛል። የሁለት ሜትር ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ከተለዋወጠ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ መልሶ ያጥራል። ይሄ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩ ይላላል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። ሞራሌው ሳይደርቅ የተመታ ባህር ዛፍ ከሆነማ እንጨቱ ራሱ ሲደርቅ ሚስማሩን ይለቀዋል። እሱኑ መልሰህ ብትመታው ለአንድ ክረምት ነው። ንቀለውና ከሱ ወፈር ያለ፣ ጎማ ያለው ብሎን እዚያው ቀዳዳ ላይ እሰር። ጎማው ትንሽ ጫን ሲል አቁም፤ ተጨፍልቆ ወደ ጎን ከወጣ ቶሎ ይሰነጠቃል። ሚስማሩ የተመታው ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም ስህተት ነው፤ ቦታው ጉብታው ላይ ነው። የቦዩን ቀዳዳ ድፈነውና አዲሱን ጉብታው ላይ እሰር።

ሲሊኮንና ሬንጅ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣሉ።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ ሲሊኮን አስቀብቼ ነበር፣ ዓመት ሳይሞላው ተላጠ። የውሸት ዕቃ ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን በቅድሚያ የምጠረጥረው አቧራውን ነው። ሲሊኮን ዝገትና ትቢያ ላይ አይዝም። በሽቦ ብሩሽ ይፈተግ፣ ይጠረግ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ይቀባ። ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን አትግዛ፤ አሲዱ የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላል። ለብረት የሚሆን፣ ያ ሽታ የሌለው አለ።

ሌላው ችግር አቀባቡ ነው። ሁለት ቆርቆሮ የተደራረበበትን ጠርዝ ከውጭ ለቅልቆ መሄድ የብዙ ሠራተኛ ልማድ ነው። እንዲህ ሲሆን በላይ በኩል የገባው ውሃ መውጫ ያጣና እዚያው ያዝገዋል። ሲሊኮኑ መግባት ያለበት በሁለቱ ቆርቆሮዎች መካከል ነው። ሚስማሩን ነቅሎ፣ የላይኛውን ቀና አድርጎ፣ ውስጥ ቀብቶ፣ መልሶ ማሰር። አድካሚ ስለሆነ ነው የሚዘለው።

ጥያቄ፦ ሬንጅስ? ርካሽ ነው።

መልስ፦ ጨርቅ መሃሉ ገብቶበት ከተቀባ ክረምቱን ያሻግራል። በፀሐይ ግን ይቀልጣል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል። አንዴ ከተቀባ ደግሞ ሌላ ነገር አይዝበትም፣ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያም ቀዳዳውን አያገኘውም። የግድ ካልሆነ አልመክርም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ግራጫ ቴፕ ልኮልኛል። እዚያ የአየር ቱቦ የሚታሸግበት ነው አለኝ። ለጣራ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። የሚገርመው ለዚያ ቱቦም አልሆነም! የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ማሸጊያዎችን በሙቅና በቀዝቃዛ አየር እያፈራረቁ ፈትነው ነበር። በጨርቅ የተሠራው ያ የታወቀ ቴፕ ሙጫው እየለቀቀ ወደቀ። እዚያ አገር ቱቦውን በደንብ የሚደፍኑት በብሩሽ በሚቀባ ወፍራም ማጣበቂያ ነው። የኛ ቆርቆሮ ደግሞ ከዚያ ቱቦ የባሰ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅበታል። ቴፕ ከፈለግህ ከላይ አልሙኒየም፣ ከታች ወፍራም የሚለጠጥ ሙጫ ያለውን ፈልግ። ቴፕህን ለሻንጣ አስቀምጠው።

ጥያቄ (ከጅሬን)፦ ልጄ፣ የአቮካዶው ዛፍ ከጣራዬ በላይ ነው። ዝናብ ሲበረታ በግድግዳው በኩል ይገባል።

መልስ፦ እናቴ፣ የእርስዎ ጣራ ምናልባት ደህና ነው፤ አሸንዳው ነው በቅጠል የተደፈነው። 60 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 1,800 ሊትር ውሃ ነው። መውረጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ጫፍ ይገባል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ያስጠርጉት፣ በየመሃሉም ይታይ። ጣራው ላይ ያለው ቅርንጫፍ ይቆረጥ፤ ፍሬው ሲወድቅ ቆርቆሮውን ያጎደጉደዋል፣ እዚያም ውሃ ይተኛል። ወደ ላይ ግን እርስዎ እንዳይወጡ!

ጥያቄ፦ ዝናብ ሳይኖርም ጠዋት ጠዋት ማድ ቤቱ ይንጠባጠባል።

መልስ፦ እሱ ላብ ነው እህቴ። የድስቱ እንፋሎት ማታ የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ምንም ብትደፍኚ አይቆምም፣ እንዲያውም ይብሳል። ከላይ በኩል ማናፈሻ አስከፍችለት።

ጥያቄ፦ አዲስ ክፍል ከአሮጌው ቤት ግድግዳ ጋር አስቀጥለን መገናኛው ያፈሳል። በሲሚንቶ ደፍነነው ነበር።

መልስ፦ ቆርቆሮ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶ አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል። ግድግዳው ላይ ቦይ አስቆፍሩ፣ የታጠፈ ላሜራ አንዱ ጫፍ እዚያ ይግባ፣ ሌላው ቆርቆሮው ላይ ይረፍ። ሲሊኮን ቦዩ ላይ ብቻ።

ጥያቄ፦ ቆርቆሮው አርጅቷል። መደፈን ነው መቀየር?

መልስ፦ እኩለ ቀን ላይ በሩን ዘግተህ፣ መብራት አጥፍተህ ቀና በል። አንድ ሁለት ቦታ ብርሃን ከገባ ይደፈናል። ሰማዩ ኮከብ የወጣ ከመሰለ ገንዘብህን ለሲሊኮን አታባክን፣ ያንን ቆርቆሮ ለውጠው። ስትገዛ ጌጁን ጠይቅ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚወፍረው፣ 28 ከ32 ይወፍራል።

ጥያቄ፦ መቼ ላሠራ?

መልስ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ። አሁን ከሆነ ፀሐይ የወጣበትን ቀን ጠብቅና ቆርቆሮው ሲደርቅ አሠራ። እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፤ ሠራተኛው ሚስማር የተመታበትን መስመር እየረገጠ ይሂድ፣ ሞራሌው ያለው እዚያ ሥር ነው። የመብራት ሽቦው ከጣራው የሚጠጋ ከሆነ ቆጣሪውን አጥፉ።